ላይሶዛይም ምንድን ነው?

ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ሙቀት አለ፣ ውሃ አለ፣ ምግብም ሞልቷል። ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ቤት ከየት ይገኛል? ቅርፊቱም ቢሆን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ታዲያ እንቁላሉ ቶሎ የማይበሰብሰው ለምንድን ነው?

ከጠባቂዎቹ አንዱ ነጩ ክፍል ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የሚባል ፕሮቲን ነው። ዘመዱ በእኛም እንባና ምራቅ ውስጥ አለ። በ1922 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው፣ በኋላ በፔኒሲሊን ስሙ የገነነው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው።

ላይሶዛይምን በክር ላይ እንደተሰኩ 129 ዶቃዎች አስቡት። እያንዳንዱ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባበት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ክሩ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም። አንዳንድ ቦታ እንደ ጸጉር ጥቅልል ይጠማዘዛል፣ ሌላ ቦታ ጎን ለጎን ይተጣጠፋል። አራት የድኝ ድልድዮችም፣ ማለትም በድኝ አቶሞች የተሠሩ ማሰሪያዎች፣ እዚህና እዚያ እያያያዙ ያጠብቁታል።

ተጣጥፎ ሲያበቃ በአንድ ጎኑ ረዘም ያለ ሰርጥ ይቀራል። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይህ ሰርጥ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ በስኳር ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ ሰርጡ ደግሞ ከዚያ ሰንሰለት ስድስት ስኳሮችን ልክክ አድርጎ ይይዛል። መቁረጡን የሚሠሩት 35ኛውና 52ኛው ዶቃ ናቸው። በክሩ ላይ ሲቆጠሩ በጣም ይራራቃሉ። ክሩ ሲታጠፍ ግን በሰርጡ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ሰንሰለቱን በመካከላቸው አስገብተው ይበጥሱታል። ግድግዳው የተበጣጠሰበት ባክቴሪያ ከውስጥ በሚገፋው ግፊት ይፈነዳል። ሁሉም ባክቴሪያ ግን አይደለም፤ አንዳንዶቹ ከግድግዳው በላይ ሌላ መከለያ አላቸው።

ክሩ በሙቀት ከተፈታስ? 129ኙም ዶቃዎች አሉ፣ አንድም አልጎደለም። ሁለቱ ቆራጮች ግን ተለያይተዋል፤ ሥራው ይቆማል።

ይህን ቅርጽ በ1965 እ.ኤ.አ. ያዩት ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን። የፕሮቲኑን ክሪስታል (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበትን ጠጣር) በኤክስሬይ መትተው፣ ጨረሩ የተበተነበትን ነጠብጣብ እየለኩ ወደ ቅርጽ መለሱት። ከባልደረቦቹ አንዷ ሉዊዝ ጆንሰን ስኳሩ ሰርጡ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየች። ቅርጹ በዚህ መንገድ የታወቀ የመጀመሪያው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ላይሶዛይም ነው።

እንቁላል እንደ ልብ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ጨው ሲጨመርበት በቀላሉ ክሪስታል ይሆናል። ዛሬም የፕሮቲን ክሪስታል መሥራት የሚማሩ ብዙ ተማሪዎች የሚጀምሩት በእሱ ነው።