የአረጋውያን ሕክምና ፈተናን ማን ይጠብቀው? ሐኪሞችን ከጥሪው የሚያርቁ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በአረጋውያን ሕክምና የሙያ ብቃት ፈተና የሚሰጡ አካላት ጥያቄ የሚጽፉ፣ የሚገመግሙ፣ የማለፊያ ነጥብ የሚወስኑና በተግባር ፈተና ላይ የሚፈትኑ ሐኪሞችን በየጊዜው ይጠራሉ። ብዙ ብቁ ባለሙያዎች ግን ጥሪውን ሲያዩ «ይህ እኔን አይመለከትም» ብለው ያልፉታል። የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ የሥራውን ምንነት በትክክል ባለማወቅ ስለሆነ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ፈተናን መከታተል ማለት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ኩረጃ መከላከል ነው።»

ያንን የሚሠሩ ለዚሁ የሠለጠኑ ተቆጣጣሪዎች አሉ። የሐኪሙ ሥራ ተፈታኞች ከመቀመጣቸው ከብዙ ጊዜ በፊት ጥያቄ በመጻፍና በማረም ይጀምራል፤ የሚያበቃውም የእያንዳንዱ ጥያቄ ውጤት ተመርምሮ ሲጸድቅ ነው።

«ይህ ለፕሮፌሰሮችና ለአንጋፋ ስፔሻሊስቶች የተተወ ነው።»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። የማለፊያ ነጥብ እንዴት እንደሚወሰን መመልከት ስሕተቱን ግልጽ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ ጽሑፍ ምክንያት በፈተና ምዘና ባለሙያው በዊልያም አንጎፍ ስም የሚጠራውና ዛሬም በብዙ የሕክምና ፈተናዎች የሚሠራበት ዘዴ ገምጋሚዎችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በማለፍና በመውደቅ ድንበር ላይ ካሉ 100 ተፈታኞች ይህን ጥያቄ ስንቱ ይመልሱታል? አንዱ 80 ሲል ሌላዋ 45 ትላለች፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ሁለቱም ምክንያታቸውን ያስረዳሉ፤ ግምታቸውንም እንደገና ማየት ይችላሉ። የገምጋሚዎቹ አማካይ ግምት ለየጥያቄው ተይዞ ሲደመር የማለፊያውን ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሐኪም፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ለእርሱ ግልጽ የሆነው ነገር ለጀማሪው ምን ያህል እንደሚከብድ ሊዘነጋው ይችላል። ሥልጠናዋን በቅርቡ ያጠናቀቀች ስፔሻሊስት ግን ያንን ድንበር ከትናንት ወዲያ ነው የተሻገረችው። ጉባኤው በአንጋፋዎች ብቻ ሲሞላ ነጥቡ ያለ በቂ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል፤ የሚጎዳውም ለሥራው ብቁ ሆኖ ሳለ የወደቀው ተፈታኝ ነው።

«ጥሩ ጥያቄ ማለት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄ ነው።»

አንድ ረቂቅ እንውሰድ። የ84 ዓመት ሴት ከሁለት ቀን ወዲህ ግራ ተጋብተዋል፤ አንዴ ይነቃሉ፣ አንዴ ያንቀላፋሉ። ሽንት ስለማይቋጥሩ ባለፈው ሳምንት ኦክሲቡቲኒን ተጀምሮላቸዋል፤ የሽንት ምርመራቸው ባክቴሪያ አሳይቷል። ቀዳሚው እርምጃ ምንድን ነው? ኦክሲቡቲኒን አረጋውያንን ግራ ሊያጋባ ስለሚችል ጸሐፊው የፈለገው መልስ እርሱን ማቋረጥ ነው፤ ከአማራጮቹ አንዱ ግን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መጀመር ነው። ከአረጋውያን ጋር ውሎ የሚያድር ሐኪም እዚህ ላይ ይቆማል። በዚህ ዕድሜ ምንም የሕመም ምልክት ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ረቂቁ ስለ ትኩሳትም ሆነ ሽንት ሲሸኑ ስለሚሰማ ሕመም አንዳች አይልም፤ ስለዚህ ፀረ ባክቴሪያውን የመረጠ ተፈታኝም የሚከራከርበት ነጥብ አለው። «ትኩሳት የለም፣ ሲሸኑም አያማቸውም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ጥያቄው ይስተካከላል። ከመስተካከሉ በፊት ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ክብደቱ ግን የመጣው ከጸሐፊው ግድፈት እንጂ ከሕክምናው አልነበረም።

«የአረጋውያን ሕክምና ያው የውስጥ ደዌ ሕክምና ስለሆነ ማንኛውም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሊፈትንበት ይችላል።»

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች አስተዋፅኦ ትልቅ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሐኪሟ ማርጆሪ ዋረን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል የአልጋ ቁራኛ ሆነው የተተዉ አረጋውያንን ስትረከብ፣ እያንዳንዳቸውን በአግባቡ መርምራ፣ ከነርሶችና ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆና ብዙዎቹን ከአልጋ አስነሥታለች፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱም ነበሩ። ሙያው ከዚያ የወረሰው ዕውቀት በሽታን ከመሰየም ያልፋል፦ ታካሚው ራሱን ችሎ ይራመዳል ወይ? ለምን ይወድቃል? ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች የትኛው ይቅር? ቤቱ ማን አለው? ይህን ሁሉ የሚመዝን ፈተና በጠቅላላ ሐኪምነት አረጋውያንን በየቤታቸው የሚያዩ፣ በማገገሚያ ክፍል ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ሐኪሞችን ይሻል። የተግባር ፈተናው አንዱ ክፍል ከታካሚ ቤተሰብ ጋር መነጋገር ሲሆን ደግሞ ልምድ ያላት ነርስ አስተያየት ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ አስተያየት ያላነሰ ክብደት አለው።

«ሰልጣኞች ስላሉኝ መሳተፍ አልችልም።»

ማስተማር ብቻውን ሰውን ከሥራው አያስወጣውም። የጥቅም ግጭቱን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የራስን ሰልጣኝ አለመፈተን፣ ያዩትን ጥያቄ በምስጢር መያዝና ለፈተናው የሚያዘጋጅ የክፍያ ኮርስ አለመስጠት ግን የግድ ነው። የመጨረሻው ለአንዳንዶች ከባድ ምርጫ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም መደራደር የማይገባው ጉዳይ ነው።

«ፈተናው ከተሰጠ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም።»

አለ። ውጤቱ ሲመጣ በአጠቃላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት የሳቱት፣ ዝቅተኛ ያገኙት ግን የመለሱት ጥያቄ ከተገኘ ምልክት ይደረግበትና ለሐኪሞቹ ይመለሳል። አኃዙ አንድ ችግር እንዳለ ብቻ ይናገራል፤ መልሱ በስሕተት ተመዝግቦ፣ የሕክምና መመሪያው በመሐል ተለውጦ ወይም ሁለት ትክክለኛ መልስ ኖሮት እንደሆነ አይገልጽም። ያንን ጥያቄ አንብቦ «ይህ ከነጥቡ ይውጣ» ወይም «ይቆይ» የሚለው፣ ማለዳ ያንኑ ዓይነት ታካሚ አይቶ የመጣ ሐኪም ነው።