መርከብ ላይ ማን ይዘፍናል?

የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሥራዬን የሰማ ሁሉ ያቺን የቲክቶክ ዘፈን ያነሳብኛል። በ2021 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ናታን ኢቫንስ የሚባል የስኮትላንድ ፖስተኛ ያስጮሃትን «ዌለርማን»ን ማለቴ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፤ «የባሕር ወንበዴዎች ዘፈን ናት አይደል? እናንተስ ማታ ማታ ትዘፍናላችሁ?» ስለሰለቸኝ፣ ስለ መርከበኞች የሥራ ዘፈን የሚባለውን ሁሉ እዚሁ ልጨርሰው።

«የወንበዴዎች ዘፈን ነው።» አይደለም። የካሪቢያን ወንበዴዎች ዘመን በ1730 ገደማ አልቋል። የመርከበኞች የሥራ ዘፈን የደራው ከዚያ 100 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ንግድ መርከቦች ላይ ነው። ወንበዴውን የጨመረበት ፊልም ነው።

«ዌለርማንስ የመርከብ ሥራ ዘፈን ናት።» እሷም አይደለችም። የኒውዚላንድ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ትረካ ናት። ዌለር የሚባሉ ወንድማማቾች በ1831 ኦታጎ ላይ የአደን ጣቢያ ከፍተው ነበር። ግጥሙ ስኳር፣ ሻይና ረም ይዞ የሚመጣውን የእነሱን ሰው ይጠብቃል።

«የባሕር ኃይል ባህል ነው።» የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሥራ ላይ መዝፈን ይከለክል ነበር። ደግሞስ ምን ያደርግለታል? ቪክቶሪ የተባለችው የጦር መርከብ በ1805 ትራፋልጋር ላይ ስትዋጋ ከ800 በላይ ሰው ይዛለች። የሰው ጉልበት ችግር አልነበረባትም።

አሁን ደሜን ወደምታፈላው ልምጣ፤ «ለመዝናናት ነው የሚዘፍኑት»።

ንግድ መርከብ ደመወዝ ይቆጥባል። በ1869 ባሕር የገባችውና ዛሬ ግሪኒች ላይ የምትጎበኘው ካቲ ሳርክ ሦስት ምሰሶ ሙሉ ሸራ ይዛ፣ የሚያንቀሳቅሷት 30 ያህል ሰዎች ነበሩ። ሸራው የተሰቀለበትን አግዳሚ እንጨት ሽቅብ ለመሳብ የሁሉም ክንድ በአንዲት ቅጽበት መሳብ አለበት። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከሳበ ጉልበቱ ባከነ። ስለዚህ አውራጁ ስንኙን ብቻውን ሲያወርድ ሌሎቹ ገመዱን እንደያዙ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ከዚያ ሁሉም ይቀበሉና፣ መቀበያው ውስጥ የታወቁት ሁለት ቃላት ላይ ሲደርሱ አንዴ ይስባሉ፣ አንዴ ይደግማሉ። መልህቅ ማውጣት ደግሞ መዘውሩን እየገፉ መዞር ስለሆነ የእርምጃ ምት ያለው ረዥም ዘፈን ይመረጥለታል። ውሃ ለሚቀዳበት ፓምፕም የራሱ አለው። የሚገርማችሁ፣ ሥራው እንዳለቀ ዘፈኑ መሀል ስንኝ ላይም ቢሆን ይቆረጣል። ለመዝናናት ቢሆን ማን ያቋርጠው ነበር?

ደቦ ወጥቶ ያጨደ ሰው ይሄንን ማስረዳት አያስፈልገውም። መርከብ ላይም እንደ ደቦው አውራጁ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። መርከበኛው ካፒቴኑን በምግብ ስስቱ ይሸነቁጠዋል። ተናግሮት የሚቀጣበትን ነገር ዘፍኖት ያልፋል።

ዘፈኑን የገደለው የኔው ሙያ ነው። ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ የእንፋሎት ማሽን፣ ዊንች፣ መጣ፤ ዊንች ደግሞ ተቀባይ አይፈልግም። ስታን ሁጊል የተባለው የመጨረሻ የሚባል አውራጅ የሠራባት የእንግሊዝ ባለሸራ ጭነት መርከብ፣ ጋርዝፑል፣ በ1929 ኬፕ ቨርዴ አጠገብ ተሰባበረች። ዛሬ እኛ ሞተር ክፍል ውስጥ የጆሮ መከላከያ አጥልቀን በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። መርከባችን ላይ ዘፈን ካለ የፊሊፒኖ ባልደረቦቼ ካራኦኬ ነው። እሱም የፍቅር ዘፈን ብቻ! ስለ ባሕር የሚዘፍን አላጋጠመኝም።

«ታዲያ እስካሁን የሚወደደው የባሕር ናፍቆት ስላለ ነው» የሚሉኝም አሉ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ምኑን ይናፍቃል? ዘፈኑ የተሠራው ለደከመ፣ ላልተለማመደ፣ ከየአገሩ ለተሰበሰበ ሰው ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳትደርሱ መቀበያውን ይዛችሁታል። በኮሮና ጊዜ ቤቱ የተዘጋበት ሰው ሁሉ በቲክቶክ ድምፁን የደረበው ለዚህ ነው።

«የእንግሊዞች ነው» ለሚለው አጭር መልስ ልስጥ። አሜሪካ ውስጥ ሞባይል በምትባለው ከተማና ኒው ኦርሊንስ ወደብ ላይ ጥጥ ሲጭኑ የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች ብዙውን ሰጥተዋል። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። የዕንቁ ጠላቂዎች ጀልባ ነሃም የሚባል ዘፋኝ ቀጥሮ ይወጣ ነበር። የባሕሬን ጠላቂዎች ዘፈን፣ ፊጅሪ፣ በ2021 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሙሐረቅ ውስጥ «ዳር» የሚባሉት የዘፈን ቤቶች ዛሬም አሉ፤ ማናማ ላላችሁት ድልድይ መሻገር ብቻ ነው።

ራሳችሁ መሞከር ካማራችሁ ጊታሩን ተዉት። አውራጁ ድምፁ ባያምርም ይጩኽ። መቀበያውን አታሳምሩት፤ ምቱን ብቻ ጠብቁ። ሶፋ አራተኛ ፎቅ የምታወጡበት ቀን በጣም ጥሩ ነው፤ ስንኙ ላይ እረፉ፣ መቀበያው ላይ አንሱ።