የአየር ጥራት ሞዴል ፍተሻ ምንድን ነው?

በህዳር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጅሬን ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ጅማን በቅጡ አያያትም። የሚያየው ጭሷን ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር ከላዩ በሞቀ አየር ስለሚከደን፣ ከየማድ ቤቱ የተነሣው ጭስ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል።

ስልካችን ላይ የነገን አየር የሚነግረን ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነፋሱን፣ ዝናቡንና የሚወጣውን ጭስ ከሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ፍተሻ ማለት ሞዴሉ ያለውን፣ መሣሪያ በዚያው ቦታና ሰዓት ከለካው ጋር ማስተያየት ነው።

የሚያሳስተው አማካዩ ነው። ለምሳሌ ደቃቁ ብናኝ (ፒ ኤም 2.5) በሜትር ኩብ ንጋት ላይ 90 ማይክሮግራም፣ ከሰዓት 10 ተለካ እንበል። ሞዴሉ ደግሞ 40 እና 60 ብሎ ነበር። የሁለቱም አማካይ 50 ነው፤ ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ንጋት ላይ ጎንበስ ብላ እሳት የምታያይዝ እናት የተነፈሰችው ግን 90ውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሙሉ ቀን አማካይ ያስቀመጠው ልክ 15 ነው። ስለዚህ ጥሩ ፈታሽ የጎደለውንም የተረፈውንም እንደ ስህተት ይቆጥራል፤ ንጋቱንና ከሰዓቱን ለየብቻ ያያል። «ነገም እንደ ዛሬ ነው» ከሚል ተራ ግምት ጋርም ያወዳድረዋል። ሞዴሉ ይህን ካልበለጠ ያ ሁሉ ስሌት ምን ይሠራል?

ከዚያ በኋላ የሳተበት ምክንያት ይፈለጋል፤ ለእኔ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ወዲህ ህዳር 12 ቀን ህዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ሞዴሉ ጭስ ከየት እንደሚወጣ የሚያውቀው ከተሰጠው መዝገብ ነው፤ ያ ቀን መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ነፋሱን በትክክል ቢያውቅም ይስታል። የሣጥኑ ስፋትም አለ፦ ሞዴሉ ምድርን በሣጥን በሣጥን ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ያሰላል። በአውሮፓው የከባቢ አየር ክትትል አገልግሎት፣ በኮፐርኒከስ፣ ዓለም አቀፍ ትንበያ አንዱ ሣጥን ጎኑ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ፣ የከተማው ጭስና የዙሪያው የቡና ጫካ ንጹሕ አየር በአንድ ቁጥር ይታያሉ።

መሣሪያውም አይታለፍ። ጅማን በመሰለ እርጥብ አገር ርካሽ ሴንሰር ውሃ ጠጥቶ ያበጠውን ብናኝ አብዝቶ ይለካል። ሞዴሉ ተሳሳተ ከመባሉ በፊት ሴንሰሩ ከታመነ መሣሪያ ጎን ተሰቅሎ ክረምቱንም በጋውንም መመሳከር አለበት።