አብቦ የሚመክነው ሩዝ

የወሎ ገበሬ ዘለላው አምሮ ወጥቶ ፍሬ ሳይዝ የቀረ ማሽላ ሲያይ «መከነ» ይላል። በሩዝ ላይ ይህ ቃል ለየት ያለ ታሪክ አለው። ሁለት ጤነኛ የሩዝ ዝርያዎች ይዳቀላሉ። የሚወለደው ተክል ከወላጆቹ በላይ ይፋፋል፣ በጊዜውም ያብባል። ዘለላውን ሲዳስሱት ግን አብዛኛው ባዶ ቅርፊት ነው። መሬቱም ዝናቡም አልበደሉም። ችግሩ ያለው አበባው ውስጥ ነው።

እኛ አገር ለዚህ ቅርብ ምሳሌ በቅሎ ናት። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለውን ተረት ደሴ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ በ63 ትወለዳለች። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ መካፈል አለባቸው። የበቅሎ ግን አይገጥሙም። ስለዚህ አትወልድም።

ሩዝ ጋ ስንመጣ ይህ ማብራሪያ አይሠራም። የእስያ ሩዝ ሁለት ትልልቅ ወገኖች አሉት፤ ኢንዲካ እና ጃፖኒካ ይባላሉ። ሁለቱም 24 ክሮሞሶም አላቸው፣ ጥንዶቹም በደንብ ይገጥማሉ። ሆኖም ሲዳቀሉ ልጃቸው በከፊል ወይም ጭራሽ ይመክናል። ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፈውታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱን እስከ ዘረ መል ድረስ ወርዶ ማየት የተቻለው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በጣም የሚያስደንቀው በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤስ 5 የሚባል ቦታ ነው። እዚያ ሦስት ዘረ መሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ገዳይ ነው፣ አንዱ የገዳዩ አጋዥ፣ ሦስተኛው ጠባቂ። ኢንዲካ ገዳዩንና ጠባቂውን ይዟል፣ አጋዡ ግን የለውም። ጃፖኒካ አጋዡ ብቻ አለው። ስለዚህ ሁለቱም በየቤታቸው ሰላም ናቸው። ሲዳቀሉ ገዳይና አጋዥ አንድ ተክል ውስጥ ይገናኛሉ። ያኔ እንቁላሉ ያለበት የሴቴው ከረጢት ይጎዳል። የሚተርፈው ጠባቂው የደረሰው ብቻ ነው። ጠባቂውን ያልወረሰው ይሞታል፣ ያ አበባም ፍሬ አይዝም። እንግዲህ ወላጆቹ በሽተኞች አይደሉም። ለየብቻ ምንም የማያደርጉ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጉዳቱ የሚመጣው።

በወንዴው በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። 1ኛው ክሮሞሶም ላይ ያሉ ኤስኤ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ዘረ መሎች የአበባውን ዱቄት ያመክናሉ። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአበባው ዱቄት ትንሽ ወስዶ አዮዲን ማንጠባጠብና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጤነኛው ስታርች ስላለው ይጠቁራል። ብዙው መካን ዱቄት ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዱም የተጨማደደ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህር የሆነ ሰው ይህን በክፍል ቢያሳይ ተማሪው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

መፍትሔ አለ። አንዳንድ የሩዝ ዝርያዎች በኤስ 5 ቦታቸው ላይ የማይሠራ ገዳይ ይዘዋል፤ ከሁለቱም ወገን ጋር ቢዳቀሉ ልጃቸው ያፈራል። የጃፓኑ ኢኬሃሺ በ1980ዎቹ እነዚህን አስታራቂ ዝርያዎች ለይቶ አሳይቷል።

አሁን የታሪኩ ሌላ ገጽ። ቻይናዊው ዩዋን ሎንግፒንግ ከ1964 ጀምሮ መካንነትን ሆን ብሎ ይፈልግ ነበር። ለምን? ድቅል ሩዝ ከተለመደው 20 በመቶ ያህል የበለጠ ምርት ይሰጣል፤ ችግሩ ግን ድቅል ዘሩን በብዛት ማምረት ነው። በቆሎ ላይ ሠራተኛ ወንዴውን ቁንጮ ነቅሎ ይጥላል፣ አለቀ። የሩዝ አበባ ግን ኢምንት ናት፣ በውስጧም ስድስት ወንዴዎች ከሴቴዋ ጋር አብረው አሉ። ማሳ ሙሉ አበባ በእጅ ማን ይነቅላል? ስለዚህ ወንዴው በራሱ የመከነ ሩዝ ያስፈልግ ነበር። የዩዋን ረዳቶች በ1970 ሃይናን ደሴት ላይ እንዲህ ያለ የዱር ሩዝ አገኙ። በ1973 የሦስት መስመር ዘዴው ተሟላ፦ አንዱ መካን፣ ሁለተኛው መካኑን የሚያራባ፣ ሦስተኛው መውለድን የሚመልስ።

ይህ መካንነት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ምንጩ የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ስላለ ነው። የአበባውን ዱቄት የሚመግበው ስስ ሽፋን ያለጊዜው ይሞታል፣ ዱቄቱም ሳይበስል ይቀራል። በቅሎ አባቷን ትደብቃለች፤ ይህ ሩዝ ግን ጉዳዩ ሁሉ የእናት ነው።

በዚያው በ1973 ሺ ሚንግሶንግ በቻይና ሁቤይ ግዛት ቀኑ ሲረዝም የሚመክን፣ ሲያጥር የሚያፈራ ሩዝ አገኘ። ለኛ አካባቢ ይህ ዓይነቱ አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ሩዙ የሚመክንበት ረጅም ቀን አያገኝም።

ዲቃላ ያልሆነ ሩዝም በብርድ ይመክናል። ዘለላው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ሌሊቱ ከቀዘቀዘ የአበባው ዱቄት አይበስልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ ጋቢ የሚያስወልቀው ሙቀት ለሩዝም ትልቅ ልዩነት ነው። ጣና ሐይቅ አጠገብ ያለው የፎገራ ሜዳም ከፍታው ለኮምቦልቻ ይቀርባል፣ እዚያም ብርድ የሩዝ ገበሬው ስጋት ነው። በሌላ በኩል አበባው በተከፈተበት ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈም ፍሬ ይቀራል።

የአፍሪካ ሩዝና የእስያ ሩዝ ሲዳቀሉ ልጁ ከነአካቴው ሊመክን ይችላል። የሴራሊዮኑ ሞንቲ ጆንስና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ድቅሉን ደጋግመው ከእስያው ወላጅ ጋር በማዳቀልና ፅንሱን በላቦራቶሪ በማሳደግ ይህን ተሻገሩ። ኔሪካ የሚባለው ሩዝ የተገኘው እንዲህ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ይዘራል። ጆንስና ዩዋን በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርተዋል።

ኔሪካ ዘሩ የረጋ ስለሆነ ገበሬው ከራሱ ጎተራ አውጥቶ መልሶ መዝራት ይችላል። የሦስት መስመር ድቅል ግን እንደዚያ አይደለም። የእናቱ መካንነት ውስጡ አለ፣ የሸፈነው ከአባት የመጣው መላሽ ዘረ መል ብቻ ነው። ከማሳው የተሰበሰበው ፍሬ በዓመቱ ሲዘራ መላሹ ለሁሉም አይደርስም። ያልደረሰው ተክል ያብባል፣ ከዚያ ይመክናል።