«ሠርቶ ይብላ፣ ምን ክፋት አለው?» ስለ ድሬ ሠራተኛ ልጆች ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያን ዞር ዞር ያለ ሰው ሠራተኛ ልጅ ሳያይ አይመለስም። ሊስትሮ አለ፣ ፌስታል ሻጭ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቃሚ አለ። መርዳት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ግን ስለ እነዚህ ልጆች የምናምናቸው አንዳንድ ነገሮች እጃችንን ይይዙናል።

«እኛም ሠርተን ነው ያደግነው፤ ሥራ ልጅን ያበረታል»

ውሃ መቅዳት፣ እናትን ሱቅ ላይ ማገዝ፣ ትንሽ ወንድምን ማዘል ማንንም አልጎዳም። ትምህርቱን፣ ጨዋታውንና እንቅልፉን ካልነጠቀው እሰየው። ችግሩ ቀኑን ሙሉ ለገንዘብ ሲሠራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትማ ጭራሽ አይፈቀድም።

«ልጅ ነው፣ ይለምደዋል»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ጠዋት ቀፊራ ብትቆሙ ታዩታላችሁ። አንድ ፍሬ ልጅ ሽንኩርት የሞላ ማዳበሪያ በጀርባው አዝሎ፣ አንገቱን አስግጎ ይሮጣል። ሰው «እንዴት ጎበዝ ነው!» ይላል። ልጁ የሚሮጠው ግን ቀስ ካለ ሸክሙ ስለሚብስበት ነው። አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ጀርባና ጉልበት በዚህ ዕድሜ ከተጎዳ ጣጣው ከልጁ ጋር ያድጋል። የድሬ ፀሐይም አለች። ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ልጅ ከአዋቂው ቀድሞ ይወድቃል።

በሽታውም ሠራተኛ ልጅን ቀድሞ ያገኘዋል። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊን፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉኒያን ወረርሽኝ አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በዋናነት ቀን ላይ ነው የምትናደፈው። ማታ የሚዘረጋ አጎበር ውጭ ለሚውል ልጅ ብዙም አይፈይድም።

ሲያተኩሰውስ ማን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ከሐረርጌ ገጠር ብቻውን የመጣ ልጅ የማንም ደብተር ላይ የለም። ካርድ ማውጣት ይፈራል፣ ወረፋውን አይችለውም፣ ሰውም ገፍቶት ያልፋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ አንድ አዋቂ አብሮት ሄዶ «ይሄ ልጅ የኔ ነው» ቢልለት ይበልጥበታል።

«ወላጆቹ ደንታ ቢስ ናቸው»

አንዳንዱ ይሆናል። አብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ቤት ኪራይ አለ፣ እናት ልብስ አጥባ ታድራለች። እሷ የታመመች ዕለት ቤቱን የሚይዘው የልጁ ሳንቲም ነው። ይህችን ሳንቲም ሳይተኩ «ልጁን ከሥራ አስወጡት» ማለት እራታቸውን ማንሳት ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የድሃ ቤተሰቦች መደገፊያ ፕሮግራም፣ ድሬዳዋንም ሐረርንም ያካተተ ነበር። የሚከፍለውም በዋናነት አዋቂውን አሠርቶ ነው፤ ለእኔ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። እናትየው ቋሚ ገቢ ስታገኝ ልጁን ለመልቀቅ ልብ ታገኛለች።

«ሠራተኛ ልጅ ማለት ጎዳና ላይ የምናየው ነው»

የማናየውስ? ግቢ ውስጥ ሕፃን አዝላ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ የምትተኛው ልጅ አለች። «ዘመዴ ናት፣ ላስተምራት ነው ያመጣኋት» ይባላል፤ ደብተሯን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። አዋጁም የቤት ሠራተኝነትን በቀጥታ አይሸፍነውም። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በዋናነት የተሰጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት የቀረች ልጅ ከክትባትም ትቀራለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ጎረቤታችሁ ካለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩላት።

«ሳንቲም ብሰጠው ረዳሁት»

ለዛሬ እራቱ ይሆነዋል፣ ስጡት። ነገ ግን እዚያው ቦታ ይጠብቃችኋል።

«ትምህርት ነፃ ነው፤ ካልተማረ አልፈለገም ማለት ነው»

የመንግሥት ትምህርት ቤት አያስከፍልም፣ እውነት ነው። ደብተሩ፣ ጫማው፣ ዩኒፎርም ማጠቢያው ሳሙና ግን በብር ነው። ከሥራ የሚቀርበትም ሰዓት በብር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ኀፍረት አለ። የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ሲቀመጥ ይሳቅበታል፤ በሳምንቱ ይጠፋል። ይሄው ልጅ እኮ ጫማ አስጠርጋችሁ መቶ ብር ስትሰጡት መልሱን ከእናንተ ቀድሞ ያሰላል! ጭንቅላቱ ይሠራል፤ ያጣው በዕድሜው ልክ የተዘጋጀ ክፍል ነው። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር የሚያስጨርስ የተፋጠነ ትምህርት ተሞክሯል። ልጆቹ ከዚያ በቀጥታ ወደ መደበኛው ክፍል ይገባሉ።

ቋንቋም አለ። ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ። በቤቱ ኦሮሚኛ የሚያወራን ልጅ ሰፈር ቀረበ ተብሎ አማርኛ ክፍል ማስገባት ድካሙን እጥፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ዩኒፎርም ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በምን ቋንቋ መማር እንደሚቀለው፣ የትኛው ፈረቃ እንደሚመቸው፣ ከዕለት ገቢው ስንቱን ቤት እንደሚያስገባ።