የማህጸን በር ካንሰር፦ አፈጣጠሩ፣ ሥርጭቱና የሐዋሳ ታካሚዎች መንገድ

የማህጸን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ከሲዳማ፣ ከጌዴኦና ከአካባቢው ሪፈር የተጻፈላቸው ብዙ ሴቶች የሚመጡት ለደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በርካታ ሐኪሞችን ወዳፈራው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

በሽታው የሚነሳው ከአንዲት ጠባብ ቀለበት ነው። በማህጸን በር ላይ የውጩ ድርብርብ ሽፋንና ንፍጥ አመንጪው የውስጥ ሽፋን ይገናኛሉ፤ ከጉርምስና በኋላ የውስጡ ቀስ በቀስ በውጩ ዓይነት ይተካል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፈው ኤች ፒ ቪ ለተባለው ቫይረስ የሚመቸው ይህ በለውጥ ላይ ያለ ቦታ ነው። ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 ናቸው። የቫይረሱ ኢ6 ፕሮቲን፣ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደውን ፒ53 የተባለ የሕዋሱን ፕሮቲን ያፈርሳል፤ ኢ7 ደግሞ የመባዛት ፍሬን የሆነውን አርቢ ያሰናክላል። ፍሬን ያጣ ሕዋስ ስህተት እያጠራቀመ ይባዛል። አብዛኛው ኢንፌክሽን በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የአንዳንዷ ለምን እንደሚቆይ ሙሉ በሙሉ ባይታወቅም ሲጋራና ብዙ ወሊድ ያግዙታል ይባላል፤ ኤች አይ ቪ ግን አያጠራጥርም። ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ የመከላከል አቅሟ ለተዳከመ ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል።

የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል።

ቅድመ ካንሰሩ፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነው የሕዋሳት ለውጥ፣ ከሽፋኑ በታች ያለውን ስስ ገለፈት እስካልጣሰ ድረስ አይሰራጭም፤ ምርመራው የሚያነጣጥረውም ይህን ጊዜ ነው። ማህጸን በሩ ብልትን በሚከፍተው መሣሪያ በስፔኩለም ይገለጥና ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ባራሰው ጥጥ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ከመገናኛው መስመር ተያይዞ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ወፈር ያለ ነጭ ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ደቂቃው ሳይሞላ ሲታይ፣ ከከረመ ጠርሙስ ሲቀዳ ወይም መብራቱ ሲደክም ነው። ካረጠች ሴት ላይ መስመሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዚህ ዘዴ አይታመንም። ነጩ ከማህጸን በሩ ሦስት አራተኛ ካላለፈና ወደ ማህጸን በሩ የውስጥ ቦይ ካልገባ በሙቀት ይታከማል፦ 100 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ካንሰር ካጠራጠረ ግን አይተኮስም፤ ናሙና ተቆርጦ መጠኑን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይገባል። በጓንት ተጠቅልሎ የመጣ ሥጋ ይደርቃል፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ሐኪም ለፓቶሎጂስቱም አይነበብም።

ገለፈቱ ከተጣሰ በኋላ ካንሰሩ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይይዛል፦ ብልቱን፣ ከማህጸን በሩ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ። ቀጥሎ በዳሌ ንፍፊቶች በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳንባ፣ ጉበትና አጥንት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ ወዲያ የሚታይ ደም ቶሎ መታየት አለበት። የወገን ሕመምና የአንድ እግር እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ የዘገየ ምልክት ነው። በጎን የሚያድገው ዕጢ ሽንት ከኩላሊት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ስለሚጫን፣ ብዙ ሴቶችን የሚገድለው የኩላሊት መድከም ነው። ከጨረር ጋር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት ሲስፕላቲንም ኩላሊትን ስለሚጎዳ፣ አልትራሳውንድና የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ ክሬያቲኒን ሳይታዩ አይጀመርም።