«ልቤ ቅቤ ጠጣ»፦ እውነት ልብ ቅቤ ይጠጣል?

ድሬዳዋ ከተማ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ሲያስቆጥር አጠገባችሁ የተቀመጠው ደጋፊ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። «አቦ! ልቤ ቅቤ ጠጣ!»

አባባሉ ለማንኛውም ደስታ አይሆንም። አይስክሬም በልቶ «ልቤ ቅቤ ጠጣ» የሚል የለም። መጀመሪያ መጨነቅ ወይም መብሸቅ ያስፈልጋል። የታመመው ልጅ ሲድን፣ ድምፁ የጠፋው ወንድም ሲደውል ይባላል። ትንሽ ክፋትም አያጣውም፤ ሲያበግነን የከረመ ሰው የእጁን ሲያገኝም እንለዋለን። ከ«ቅቤ አንጓች» ጋር ግን ዝምድና የለውም። እሱ በአፉ የሚያለሰልስ ሰው ነው።

መነሻው ማጀት ይመስለኛል። ቅቤ በእኛ ዘንድ አናት ላይ ይደረጋል፣ የአራስ ገንፎ መሀል ላይ ይፈስሳል፣ 55 ቀን የጾመም ፋሲካን የሚናፍቀው በእሱ ነው። የትም ቢገባ ሥራው የደረቀውን ማራስ፣ የከረረውን ማላላት ነው። ጭንቀት ያደረቀው ልብ ሌላ ምን ይጠጣ?

«ቅቤ ይበላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?» የሚል ካለ በግንቦት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ብቅ ይበል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ ጠዋት ጠጥሮ የመጣው ቅቤ እኩለ ቀን ላይ ይፈስሳል። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር ውስጥ ግን እንደጠጠረ ሊውል ይችላል። አንዱ የቅቤ ሞለኪውል ማለት ግሊሰሮል በሚባል ትንሽ ማያያዣ ላይ የተያያዙ ሦስት የፋቲ አሲድ (ስብ የሚገነባበት አካል) ሰንሰለቶች ናቸው። በቅቤ ውስጥ የሚበዙት ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ለዚህ ነው የሚጠጥረው። የኑግና የሱፍ ዘይት ሰንሰለቶች ግን ጎበጥ ይላሉ። ስለማይጠጋጉ ብርድ ላይም ፈሳሽ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አባባሉ ቃል በቃል ሲወሰድም ውሸት አይደለም።

የልብ ጡንቻ ቀን ከሌት ሲመታ ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛውን የሚያገኘው ከስኳር አይደለም፤ ከፋቲ አሲድ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ስኳር ግን 4 ብቻ። እረፍት ለማያውቅ ጡንቻ የሚሻለው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

መንገዱም ደስ ይላል። ከአንጀት የሚመጠጠው ስኳር መጀመሪያ ጉበት ጋ ይቀርባል። ቅቤው በሐሞት ተበታትኖ፣ በኢንዛይም ተሰባብሮ ከተመጠጠ በኋላ ግን አብዛኛው ጉበትን ዘልሎ ያልፋል። ስብ ከውሃ ጋር ስለማይስማማ ብቻውን በደም ውስጥ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አንጀት በፕሮቲንና በፎስፎሊፒድ ጠቅልሎ ወደ ሊምፍ ቧንቧ፣ ማለትም ከደም ሥር ውጪ የሰውነት ፈሳሽ ወደሚጓዝበት ቧንቧ፣ ይልከዋል። ፎስፎሊፒድ አንዱ ጫፉ ውሃ የሚወድ፣ ሌላው ውሃ የሚሸሽ ስብ ነው፤ የሴሎቻችን ሁሉ ሽፋን የተሠራውም በእሱ ነው። የሊምፍ ቧንቧው ደረታችንን ይዞ ወጥቶ አንገት ሥር ከደም ሥር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ልብ ነው። የዶሮ ወጡ ቅቤ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ከጉበት በፊት ልብ ጋ ይደርሳል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ልቤን ላጠጣ ብሎ ቅቤ በሲኒ እንዳይገለብጥ። እነዚያ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ሲበዙ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኮሌስትሮሉ ደግሞ ልብን ራሷን የሚመግቡትን ቧንቧዎች ያጠባል። ልብ የግድ ቅቤ ካልሆነ አትልም፤ የኑግም ዘይት ይሆናታል። ምንም ካልተበላም ከሰውነት ጮማ ትወስዳለች። እንዲያውም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ወይም በረመዳን አፍጥርን የሚጠብቅ ሰው ልብ፣ ከቁርስ በኋላ ካለው ይልቅ በስብ ላይ ትደገፋለች።